የርግቧ አደራና ሁለቱ ደመናዎች

ተረት ተረት፣ ጆሮ ያለው ይሰብሰብበት።

ባሏ የሞተባት ርግብ እሱ የዘፈናቸውን ዘፈኖች በአሮጌ ኮምፒውተሯ ታስቀምጥ ነበር። ኮምፒውተሩ ደጋግሞ መጥፋት ሲጀምር ዘፈኖቹም አብረው እንዳይቀሩ ሰጋችና ቅጂያቸውን የሚያስቀምጥ ደመና ፈለገች።

ግዙፉ ደመና «እሜቴ፣ የእኔ ሆድ ሰፊ ነው፤ ሁሉንም ያምጡት!» አላት።

ትንሹ ደመና «እኔም አለሁ» አለ።

ርግቧ ለሁለቱም አንድ አንድ ዘፈን አደራ ሰጠችና ወዲያው «በሉ መልሱልኝ» አለች።

ግዙፉ «አደራ መቀበል እንጂ መመለስማ መቼ ተምሬ!» ብሎ አጉረመረመ።

ትንሹ ግን አካፋ። ዘፈኑም ጠብ ጠብ እያለ ወረደ፤ መሃሉ ላይ የባሏ ሳል ሳይቀር ነበረበት።

«ሳሉን ላውጣልዎ?» አላት።

«ተው ልጄ፣ ሌሎቹንም ከነሳላቸው ያዝልኝ!» አለች እየሳቀች።

ተረቴን መልሱ፣ ቃል ሳትቀንሱ።