ያወቀው በርጩማ

ወለላ ልጄ፣ አንድ ሰው ነበረ። ሥራው እርሻ፣ ደስታው ግን በርጩማ መጥረብ ነበር። አዝመራው ገብቶ እጁ ሥራ ሲፈታ ከዋንዛ ግንድ አንድ ወጥ በርጩማ ያወጣል። ግንዱን ከመንካቱ በፊት ግን በርጩማው የሚደርሰው ሰው ቤት ሄዶ ይቀመጣል። ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ያወራል፤ ዓይኑ ሰውየው ወደየት እንደሚያዘነብል፣ ሲነሳ በየትኛው እጁ እንደሚደገፍ ያያል። ዋጋ አይጠይቅም፤ ያለው እህል ይሰጠዋል፣ የሌለው ይመርቀዋል።

አንድ ቀን የከተማ ነጋዴ ለጉዳይ መጥቶ ከበርጩማዎቹ በአንዱ ላይ ተቀመጠና የምትጠርበውን ሁሉ እወስዳለሁ አለው። ልጄ፣ ዛሬ አንቺን የጨነቀሽ፣ የእጄን ሥራ ልሽጥ ወይ የሚለው ነገር ያን ጊዜ እሱን ጨነቀው። መሬቱ የደከመ፣ ልጆቹ ብዙ ነበሩ። ሚስቱ ፈጣሪ የሰጠህን እጅ ለምን ታስቀምጠዋለህ አለችው፤ እውነቷን ነው። መሬቱን ለሌላ ገበሬ የእኩል ሰጥቶ ጠራቢ ሆነ።

መጀመሪያ ሁሉም አማረ። የሚያፈሰው ጣሪያ ቆርቆሮ ለበሰ፣ ልጆቹ ጫማ አደረጉ። በርጩማዎቹ ነጋዴው በሰጠው ልክ ይጠረባሉ፤ አንዱ ካንዱ አይለይም። ማን እንደሚቀመጥባቸው አያውቅም፤ ለማወቅም ጊዜ አልነበረውም። እየቆየ ግን ግንድ ሲያይ ይደክመው ጀመር። እርጅና መሰለው።

በሬ ወግቷቸው ዳሌያቸው የተጎዳ ሽማግሌ ጎረቤት ነበሩት። ድሮ የጠረበላቸው በርጩማ ተሰንጥቆባቸው ሌላ ሊለምኑት መጡ። የነጋዴው መኪና የሚመጣበት ቀን ደርሶ ስለነበር ከክምሩ አንዱን አንስቶ ሰጣቸው። መርቀውት ሄዱ።

ማኅበር የመደገሱ ተራ ሽማግሌው ላይ ሲደርስ ጠራቢው እቤታቸው ገባ። አዲሱ በርጩማ ጥግ ላይ ነው፤ እንስራ ተቀምጦበታል። እሳቸው የተሰነጠቀውን በጠፍር አስረው ተቀምጠውበታል።

«አባቴ፣ አዲሱ አልተስማማዎትም?» አላቸው ዝቅ ብሎ።

ሽማግሌው አፈሩ። «ኧረ ደህና ነው ልጄ። ብቻ ይሄኛው ያውቀኛል።»

ጠራቢው የቀረበለትን ሳይጨርስ ወጣ። ደጅ ቆሞ አለቀሰ። በማግስቱ ተመልሶ አጠገባቸው ተቀመጠ፤ ስለ ዝናቡ እያወራ አያቸው፤ ከዚያ ወደ ግንዱ ሄደ። ነጋዴው ሲመጣ የተጠረበውን አስረክቦ፣ ከእንግዲህ የሚቀመጥበትን ሰው ሳላይ አልጠርብም አለው። ነጋዴው ስቆበት ሄደ። ጠራቢውም መሬቱን መልሶ ራሱ ማረስ ጀመረ። ከከተማ በእግራቸው መጥተው የሚያሠሩ ጥቂት ሰዎች አልጠፉም፤ እነሱንም ደህና አድርጎ አስከፈላቸው።

አየሽ ወለላ፣ ሱቅ ከፍቼ ጥልፌን ልሽጥ ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። በሰው ጓዳ ገብቼ አላዝም። ያ ሰው በመሸጡ አልተሳሳተም፤ ቆርቆሮውም ያስፈልገው ነበር። የተሳሳተው ሰው ማየት ያቆመ ዕለት ነው። አንቺም የእህትሽን ቀሚስ ስትጠልፊ እሷን እያሰብሽ እንደሆነ አይቻለሁ፤ ፊትሽ ይናገራል። ያ ፊት ሱቅ ውስጥም አብሮሽ የሚገባ ከሆነ ክፈቺ፣ እኔም እመርቅሻለሁ። የለባሿን መልክ ሳታስቢ የጠለፍሽ ቀን ግን መርፌሽን አስቀምጪና ሰው ቤት ሄደሽ ተቀመጪ።