ዳገቱ ላይ የተበጠሰው ካቦ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ መምሬ ጥበቡ፣ ይሄይስ ጥያቄውን ጠይቆ ሲጨርስ።

ጥያቄው ይህ ነበር። የይሄይስ ሚስት የሺመቤት ባለፈው እሑድ ልጃቸውን ይዛ እናቷ ቤት ገብታለች። እንደ እሱ አባባል ያስኮረፋት አንዲት ቃል ናት፤ «ደግሞ ቁልፉን የት ጣልሽው?» ብሏት ነው። «አባቴ፣ ለዚህች ብላ ትዳሯን ጥላ ትሄዳለች? እኔ ያን ቀን ምን አጠፋሁ? ይልቅ ሽማግሌ ይዘው ይሂዱና ይመልሱልኝ» አላቸው ለንስሐ አባቱ።

መምሬ ሲበሳጩ አይደብቁም። «አንድ ሰው ነበረ እያልኩህ ነው፤ ዝም ብለህ ስማ። ብስክሌተኛ ነበር። ምን ያስቅሃል? እኔም ቄስ ሆኜ አልተወለድኩም፤ የብስክሌት አገር ነው ያደግኩት» አሉና እንዲህ ሲሉ ነገሩት።

ይህ ሰው የውድድር ብስክሌተኛ ነበር፤ ዳገት ላይ የሚደርስበት አልነበረም። በዚያ ዓመት ለአገር የሚሰለፉት በአንድ ውድድር ሊመረጡ ሆነ። ለእሱ የመጨረሻ ዕድሉ ናት፤ ከዚያ ወዲያ ዕድሜው አያስገባውም። ከልጅነቱ ጀምሮ የለፋው ለዚያች ቀን ነበር።

የውድድር ብስክሌት መሪው ላይ የማርሽ መቀየሪያ አለው። ከመቀየሪያው ተነሥቶ ውስጥ ለውስጥ እስከ ኋላ ጎማ የሚሄድ ቀጭን የሽቦ ገመድ አለ፤ ካቦ ይሉታል። ከብዙ ክሮች የተገመደ ነው። መቀየሪያውን በጣትህ ስትነካው ካቦው ይሳባል፣ ማርሹ ይቀየራል። ክሮቹ አንድ በአንድ እየተበጠሱ የሚያልቀው ደግሞ ዐይን በማያየው ቦታ ነው፤ መቀየሪያው ውስጥ፣ በሚታጠፍበት ላይ።

የዚህ ሰው ማርሽ ከውድድሩ ብዙ አስቀድሞ ይለግም ጀመር። ሲነካው ይዘገያል፣ አንዳንዴም ተንገጫግጮ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ከፍቶ ማየት ነበረበት። ግን ምን ያደርጋል፣ አንዲት ዘዴ ነበረችው። ካቦውን የምትወጥር ትንሽ ቡሎን አለች፤ ማርሹ በለገመ ቁጥር ሳይወርድ፣ እየነዳ ጎንበስ ይልና እሷን ጠምዘዝ ያደርጋታል። ማርሹም እሺ ይለዋል። ጓደኞቹ «አቤት እጅ!» እያሉ ሲያደንቁት ደስ ይለው ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ብቻ «ኧረ ክፈተውና እየው» ቢለው «ይሠራ የለ እንዴ!» ብሎ ዘጋው።

ይሠራልማ! ግን ሲወጥረው ካቦው ዳነ ማለት አይደለም። የተበጠሱት ክሮች የተዉትን ሸክም ገና ያልተበጠሱት ላይ ጨመረባቸው እንጂ።

የውድድሩ ቀን ደረሰ። ዳገቱ ላይ ከፊተኞቹ ጋር ነበር። አንደኛው ተስፈንጥሮ ሊወጣ ሲል እሱም ሊከተለው ማርሹን ነካ። ቋ አለ። ካቦው ተበጠሰና ካቴናው ወደ መጨረሻው ከባድ ማርሽ ወረደ፤ ሜዳ ላይ የሚነዱበትን ማርሽ ዳገት ላይ ታቅፎ ቀረ። ቆሞ ረገጠ፤ ፔዳሉ አልዞር አለው። እጁ እንደ ልማዱ ወደ ቡሎኗ ሄደ፤ ጠመዘዛት፣ ደግሞ ጠመዘዛት። ምኑን ትወጥረው? ከኋላ የነበሩት ሁሉ አለፉት። ወርዶ እየገፋ ወጣ፤ እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ ምስኪን።

ቤቱ እንደገባ፣ ንዴቱ ሳይበርድለት፣ አዲስ ካቦ አመጣ። «ዳገቱ በላኝ! ዳገቱ በላኝ!» እያለ አዲሱን በመቀየሪያው ቀዳዳ ሊያሾልከው ሞከረ። አልገባም አለ። ገፋው፤ ተጣመመ። ያ ጓደኛው ሊያጽናናው መጥቶ ኖሮ «የአሮጌው ጫፍ እኮ ውስጥ ነው ያለው» አለው።

ያን ጊዜ ሰውየው መቀየሪያውን ከፈተው። የተበጠሱት ክሮች ውስጡ እንደ እሾህ ቆመዋል። ሲነቅላቸው ጣቱን ወጉት፤ ደማ። አንድ በአንድ አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጣቸውና ወደ ብርሃን ወጣ። የጥቂቶቹ ጫፍ ያበራል፤ ዳገቱ ላይ የተበጠሱት እነሱ ናቸው። የቀሩት ጠቁረዋል፣ ዝገዋል፤ ከተበጠሱ ቆይተዋል። የዛጉትን ካበሩት ለየ። «ዳገቱ አይደለም» አለ።

ውስጡን ካጸዳ በኋላ አዲሱ ካቦ ሳይታገለው ገባ። ውድድሩ ግን አልፎታል።

መምሬ ይህን ብለው ወደ ይሄይስ ዞሩ።

«ያን ቀን ምን አጠፋሁ አልከኝ። ያን ቀንማ ምንም አላጠፋህም፤ የቁልፉ ነገር ዳገቷ ናት። የእህቷን ፍትሐት ያደረስኩት እኔ ነኝ፤ አንተ ሥራ በዛብኝ ብለህ አልነበርክም። አንድ ክር ሄደ። በልጃችሁ ክርስትና በሰው ፊት ስታሾፍባት እኔም ተቀምጬ ነበር። ሌላው ሄደ። ዝም ባለች ቁጥር ያንተም ቡሎን አለችህ፤ ሻሽ ትገዛላታለህ፣ ቀልድ ታወራላታለህ፣ እሷም ትስቃለች። አንተም ይኸው ሠራ ትላለህ። አንድ ቀን ቁጭ ብለህ ‹ምን ሆነሻል?› ብለሃታል?»

ይሄይስ አቀረቀረ። «አላልኳትም፣ አባቴ።»

«ሽማግሌ ይዤ እሄዳለሁ፤ እምቢ አላልኩህም። ሽማግሌ ግን አዲሱ ካቦ ነው። አሮጌው ውስጥ እያለ ብገፋው ይጣመማል እንጂ አይገባም። መጀመሪያ አንተ ብቻህን ሂድ። እናቷ ቤት ግባና ‹ንገሪኝ› በላት። ስትነግርህ አታስተባብል። ይወጋሃል፤ ይውጋህ። ደግሞ ሻሽ ይዘህ እንዳትሄድ!»

«ባትመለስስ?»

የመምሬ ቁጣ በረደ። «ብስክሌተኛውንም ውድድሩ አልፎታል አልኩህ እኮ፤ ልዋሽህ አልችልም። ቢሆንም ሂድ፣ ልጄ። ክሮቹ ያሉት እሷ ውስጥ ነው። እስከ ዛሬ ሲወጉ የኖሩት እሷን ነው።»