የዘነቡ የድስት ማውረጃ ጨርቅ

ተረት ተረት ልነግራችሁ ነው። "የላም በረት" ከማለታችሁ በፊት ግን እሳት ላይ የጣዳችሁት ነገር ካለ አውርዱና ኑ፤ ዘነቡ ላይ የደረሰው እንዳይደርስባችሁ።

ዘነቡ ከጎረቤቶቿ ጋር በአንድ ሰፊ ግቢ የምትኖር፣ እጇ ለወጥ የሚጣፍጥ፣ ንዴቷ ግን አፍንጫዋ ላይ የሆነ ሴት ነበረች። የዚያን ቀን ልጇ ሊያገባት ያሰባት ልጅ ቤተሰቦች ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳ ተጠርተዋል። ዶሮ ወጡ ደርሷል። የቀረው ትልቁን ድስት ከከሰሉ ላይ ማውረድ ብቻ ነው። እጇን ወደ ግድግዳው ሚስማር ሰደደች። ሚስማሩ ባዶ ነው! ማውረጃ ጨርቋ የለችም።

ያቺ ጨርቅ ደግሞ እንዲሁ ጨርቅ አይደለችም። ከአሮጌ ጋቢ ተቆርጣ፣ አራት ታጥፋ፣ ዳር ዳሯ የተሰፋ ወፍራም ጥጥ ናት። በግቢው ውስጥ እጅ የማታስቃጥል ጨርቅ እሷ ብቻ ስለሆነች ሁሉም ይዋሳታል።

"በእርጥብ ጨርቅ ላውርደው?" አላት ባሏ አቶ ቸርነት።

"እርጥበቱ ወዲያው ይፈላና እጅህን ይልጠዋል!"

"በካልሲዬስ?"

"ናይለን ነው፤ ቀልጦ ጣትህ ላይ ይጣበቃል። ደግሞ ካልሲ ከዶሮ ወጥ ጋር! ኧረ ምን ጉድ ነው!"

"ከሰሉ ላይ ውሃ ልድፋበት?"

"አመዱ ቡን ብሎ ወጡ ላይ እንዲያርፍ? ዝም ብለህ አማስል!"

አቶ ቸርነት በአንድ እጁ ማማሰያውን፣ በሌላው አጠገቡ ያገኘውን ክዳን ይዞ ወላፈኑን ከፊቱ ላይ እያራገበ ማማሰል ጀመረ። ዘነቡ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ጎረቤቷ አስካለ ዘንድ ከነፈች።

"አስካልዬ፣ ጨርቄን ቶሎ በይ!"

"ዘነብዬ፣ ጨርቋማ የጠረጴዛዬ እግር ሥር ናት። ጠረጴዛው ይነቃነቃል፤ ላዩ ላይ የዳቦ ሊጥ አለ። ጨርቋን ካወጣሁ ሊጡ ይደፋል። ሽብልቄን አባባ ቢሆነኝ ወስደውት ነው እኮ። እሱን አምጪና ጨርቅሽን ውሰጂ።"

እጅ እንዳይቃጠል የተሰፋች ጨርቅ የጠረጴዛ እግር ትደግፍ! ዘነቡ ጥርሷን ነክሳ ወጣች። ሽብልቁ ካልመጣ ጨርቋ አትወጣም፤ ጨርቋ ካልወጣች ድስቱ አይወርድም፤ ድስቱ ካልወረደ ወጡ ያርራል።

አባባ ቢሆነኝ ፍየላቸውን እየጠበቁ ከግቢው በር አጠገብ ተቀምጠዋል።

"አባባ፣ የአስካለን ሽብልቅ ይስጡኝ።"

"እንዴት አድርጌ ልጄ? በሩ የተያዘው በሱ ነው። ካነሳሁት ፍየሌ አስፋልት ትወጣለች። ጓጉንቸሩን ውድነሽ ወስዳዋለች፤ እሱን አምጪልኝ።"

"እንግዶቼስ በየት ሊገቡ ነው?"

"ሲያንኳኩ እናስብበታለን።"

ሲያንኳኩ! ዘነቡ ሽማግሌ ባይሆኑ የምትላቸውን ታውቅ ነበር። ጓጉንቸሩ ካልመጣ ሽብልቁ አይነሳም፤ ሽብልቁ ካልተነሳ ጨርቋ አትወጣም፤ ጨርቋ ካልወጣች ድስቱ አይወርድም፤ ድስቱ ካልወረደ ወጡ ያርራል።

"ዘነቡ!" አለ አቶ ቸርነት ከማድ ቤት። "በሻሽሽ ላውርደው?"

"ስስ ነው! ሙቀቱን ያሳልፋል! አማስል!"

ውድነሽ ከዶሮ ቤቷ ፊት ቆማለች። ጓጉንቸሩ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል።

"እትዬ ዘነቡ፣ እሱን ከፈታሁማ ዶሮዎቼ ግቢውን ይሞሉታል። በሩን የማስርበትን ሲባጎ እማማ የኔነሽ ወስደውብኝ ነው። ሲባጎዬን ካመጡልኝ አሁኑኑ እሰጥዎታለሁ።"

"በዚህ ግቢ ውስጥ በቦታው ያለ ዕቃ የለም ማለት ነው?" ብላ ጮኸች ዘነቡ። ዶሮዎቹ ደነገጡ። ሲባጎው ካልመጣ ጓጉንቸሩ አይፈታም፤ ጓጉንቸሩ ካልተፈታ ሽብልቁ አይነሳም፤ ሽብልቁ ካልተነሳ ጨርቋ አትወጣም፤ ጨርቋ ካልወጣች ድስቱ አይወርድም፤ ድስቱ ካልወረደ ወጡ ያርራል።

"ዘነቡ! ከሥር ሊይዝ ነው!"

ልታለቅስ ምንም አልቀራትም። እማማ የኔነሽ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

"እማማ፣ የውድነሽን ሲባጎ በፈጠረዎት!"

"የእርጎ ድስቴን አፍ በላስቲክ ሸፍኜ ያሰርኩት በሱ ነው። ከፈታሁት ድመቷ አንድ አታስቀርልኝም። ክዳኔ ቢኖር ኖሮ ምን ቸገረኝ?"

"ክዳንዎንስ ደግሞ የትኛዋ ዓይነ ደረቅ ወሰደችው?"

እማማ የኔነሽ ቀና ብለው አዩዋት። "አንቺ ነሻ! ትናንት 'ለእንግዶቼ ድስት' ብለሽ የወሰድሽውን ረሳሽው?"

ዘነቡ ግንባሯን በእጇ መታች። ፊቷ ጋለ። ክዳኑ ካልመጣ ሲባጎው አይፈታም፤ ሲባጎው ካልተፈታ ጓጉንቸሩ አይፈታም፤ ጓጉንቸሩ ካልተፈታ ሽብልቁ አይነሳም፤ ሽብልቁ ካልተነሳ ጨርቋ አትወጣም፤ ጨርቋ ካልወጣች ድስቱ አይወርድም፤ ድስቱ ካልወረደ ወጡ ያርራል። ክዳኑ ደግሞ ያለው እሷው ቤት፣ ባሏ እጅ ላይ ነው!

ሮጣ ገባች። አቶ ቸርነት በክዳኑ ያራግባል፤ ከሰሉ ፍም ሆኗል።

"ወላፈኑ ገደለኝ" አላት።

"አንተው ራስህ ነህ የምታነደው!" ክዳኑን ነጥቃው ወጣች።

ክዳኑ መጣና ሲባጎው ተፈታ። ሲባጎው መጣና ጓጉንቸሩ ተፈታ። ጓጉንቸሩ መጣና ሽብልቁ ተነሳ። ሽብልቁ ሲነሳ በሩ ወለል አለ፤ እንግዶቹ ነጭ በነጭ ለብሰው ቆመዋል። ዘነቡ ሽብልቁን እንደያዘች "መጣሁ!" ብላቸው በፊታቸው አለፈች። ለወደፊት አማቾቿ ሰላምታ እንኳ አልሰጠችም! ሽብልቁ ገባና ጨርቋ ወጣች። ጨርቋ መጣችና ድስቱ ወረደ። ማማሰያውን እስከ ሥሩ ሰዳ አወጣችው። ቀይ ነው፤ ጥቁር የለበትም። ግድግዳውን ተደግፋ ተነፈሰች።

ምሳው ተበላ፤ ተመሰገነ። የልጅቷ እናት ግን ዓይናቸው በክፍቱ የማድ ቤት በር በኩል፣ ጨርቋ የተሰቀለችበት ሚስማር ላይ ነበር።

"ያቺ ጨርቅ እንዴት ደስ ትላለች! እኔ ሁልጊዜ እጄን እቃጠላለሁ። እስከ እሁድ ቢያውሱኝ?"

አቶ ቸርነት አንገቱን ደፋ።

"ማዋስስ አላውስም!" አለች ዘነቡ ሳታስበው። እንግዳዋ ሲደነግጡ አይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ጋቢው ተርፎኛል። የራስዎን ሰፍቼ እሰጥዎታለሁ። ይጠቀሙባት፤ ለማንም ግን እንዳያውሱ።"

የልጅቷ እናት ባላቸውን አዩ፤ ከዚያ ፈገግ አሉ።

"እንዲህማ ከሆነ እኛም ልጃችንን አናውስዎትም። እንሰጥዎታለን።"

ድስቱም ወረደ፣ ተረቴም አለቀ። ተረቴን ብትመልሱልኝም ባትመልሱልኝም ግድ የለኝም፤ የጎረቤታችሁን ክዳን ግን ዛሬውኑ መልሱ።