የቀኛዝማች መኪና ባትሪ

ቀኛዝማች አስረስ ሙሽራቸውን ላመጡባት ትንሽ መኪና ከሃያ ዓመት በኋላ ራዲዮ፣ አራት ተጨማሪ መብራትና ሦስት ጥሩምባ አስገጠሙላት። ባትሪዋ ሸክሙን አልቻለምና በሳምንቱ ሞተ። መካኒኩ ተለቅ ያለ ባትሪ ሲያቀርብላቸው በከዘራቸው መሬቱን ነረቱት።

«ፋብሪካው የገጠመላት ትንሹን ነው! ያንኑ ልክ ገጥመህ ሁሉንም ታሠራለህ። አለዚያ ጋራዡን ነገውኑ ትለቃለህ፤ ቤቱ የኔ ነው!»

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጎንበስ አለ።

«እሺ ጌታዬ፣ ትንሹ ይገጠማል። ብቻ ነገ መኪናዋን ሊወስዱ ሲመጡ፣ የሠርግዎ ዕለት የለበሱትን ሱፍ ለብሰው፣ አዝራሩን ሁሉ ቆልፈው ይምጡልኝ።»

ቀኛዝማች ቦርጫቸውን ዳሰስ አደረጉና ሳቅ አመለጣቸው።

«ግዴለም፣ ትልቁን ግጠመው!»