ጥዱና እንቅልፋሙ ጭቃ

ተረት ተረት ስላችሁ «የመሠረት!» በሉኝ። ጮክ ብላችሁ እንጂ! አዎ፣ እንደሱ።

ድሮ ድሮ፣ እንጨት ሲያወራ፣ ጭጋግ ሲያንጎራጉር፣ የሹምነሽ የምትባል መበለት ነበረች። ደረቁን መሬት ሌሎች ስለያዙት የደረሳት ረግረጉ ዳር ነው። ክረምት ሳይገባ ጎጆ ካልቀለሰች መንታ ልጆቿ ዝናብ ላይ ሊያድሩ ነው።

በዚያ አገር ምሰሶ የሚመረጠው በእቅፍ ነበር። እቅፍ ሙሉ ከሆነ «ይሄ ነው ምሰሶ!» ይባላል፤ ርዝመቱን ማንም አይጠይቅም። እሷም አጭሩን፣ ወፍራሙን ሾላ አምጥታ አቆመች።

«ማን እንደኔ!» አለ ሾላ።

«ና የኔ ጌታ፣ ጋደም በል» አለው ጭቃው እያዛጋ። ሾላው ጣሪያ ሲጫንበት ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ እያለ ሰመጠ። አንተ እዚያ ጋ፣ ያዛጋው ጭቃው ነው፤ አንተን ምን አገኘህ?

የሹምነሽ ተናደደች። «ውፍረት ካልሆነ ርዝመት ይሁን!» ብላ ቀርከሃ አመጣች።

«እኔ እስከ ምድር ሆድ እደርሳለሁ» አለ ቀርከሃ። በመዶሻ ቢመቱት፣ ቢመቱት፣ ግማሽ መንገድ ላይ ጎበጠና ተሰበረ።

«ይሄም ጋደም ይበል» አለ ጭቃው በእንቅልፍ ልቡ።

የሹምነሽ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም ብሆን አለቅስ ነበር!

ያኔ ፍልፈል ከጉድጓዷ ብቅ አለች። «እሜቴ፣ ምን ያስለቅስዎታል? ከጭቃው ሥር ድንጋይ አለ፤ ሃያ ስንዝር ታች እኮ ነው፤ አሁን ጀርባዬን አክኬበት መጣሁ። ውፍረቱ አንድ ስንዝር፣ ርዝመቱ ሠላሳ የሆነ እንጨት ይፈልጉ። አጭሩ አይደርስም፣ ቀጭኑ አይችልም። ሁለቱን አብረው ይለኩ።»

ብትለካ፣ ብትለካ፣ ልኩ ጥድ ሆነ። ጥድ ግን ከፋው።

«ሃያውን ስንዝር ጨለማ ውስጥ? ይሄን ቁመቴን ማን ያየዋል?»

«ማንም አያየውም» አለችው የሹምነሽ። አልዋሸችውም። «ልጆቼ ግን ይተኛሉ።»

ጥድ መንቶቹን አያቸው። ከዚያ በሕልም እንደሚሄድ ሰው ጭቃውን እያለፈ፣ እያለፈ ወረደ፤ እግሩም ድንጋይ ነካ።

ክረምቱ ገባ። ሰባት ቀን ዘነበ፤ ጎጆዋ ንቅንቅ አላለችም። አላፊ አግዳሚው «እንዴት ያለ ክዳን ነው!» እያለ ሣሩን አደነቀ። ስለ ጥድ ያነሳ የለም። የሹምነሽ ብቻ መንቶቹን አስተኝታ ምሰሶውን በእጇ ዳሰስ አደረገችና «ኑርልኝ» አለችው።

ውፍረት ብቻውን ይሰምጣል፣ ርዝመት ብቻውን ይጎብጣል፤ ሁለቱ ሲመጣጠኑ ቤት ይቆማል።