የላሚቱ ጥጃና የወርቁ ጥጃ

ተረት ተረት፣ ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል።

በበረሃ የሰፈረ ሕዝብ፣ መሪው ተራራ ወጥቶ ቢዘገይበት፣ ወርቅ አቅልጦ ጥጃ ሠራና ሰገደለት። ለመሥዋዕትም የላሚቱን ጥጃ ከእናቱ ነጥሎ አሰረው። ላሚቱ አንድ ቦታ መቆም አቅቷት ልጇን ትዞረው ጀመር።

«እሜቴ ላም፣ ምነው ተቁነጠነጥሽ?» አለቻት ፍየል። «ዘመድሽ አምላክ ሆኖልሽ!»

«ዘመዴ ከሆነ፣ ልጄን ለምን ያርዱለታል?»

«ዝም በይ እቴ፣ እኔን እንዳያስታውሱ!»

ጥጃው ታረደ። መሪው ሲወርድ ተቆጥቶ ወርቁን ፈጨና ሕዝቡ በሚጠጣው ምንጭ ውስጥ በትኖ፣ የሰገዱትን «ጠጡት!» አላቸው። ሌላ ውሃ አልነበረምና ያልሰገደችው ላምም፣ ጡቷ በወተት እንደተወጠረ፣ ከኋላቸው ተሰልፋ ጠጣች።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦው ይቅርብኝ።