አያ ጅቦና የልጁ የቤት ሥራ

አንድ ጊዜ፣ በጋው ጠንቶ ሣሩ ሁሉ እንደ ገለባ በደረቀበት አገር፣ እመት አህይት የምትባል አስተማሪ ነበረች። የምታስተምረው ከአንድ ብሳና ዛፍ ሥር ነው። ከፊቷ የሚቀመጡት የሚዳቋ ግልገሎች፣ የዝንጀሮ ልጆች፣ አንዲት የጃርት ልጅና አንድ የጅብ ግልገል ነበሩ። አህያ የጅብ ልጅ ታስተምራለች ሲባል የሰማ ሁሉ ይስቅ ነበር። ንጉሡ አንበሳ ግን ቁርጥ ያለ ትእዛዝ አውጥቷል፦ «አስተማሪዋን የነከሰ ቆዳው ለከበሮ ይወጠራል!» ስለዚህ የዚያ አገር ጅቦች እመት አህይትን ባዩ ቁጥር ምራቃቸውን ከመዋጥ በቀር ምንም ማድረግ አይችሉም።

እመት አህይት አንድ ልማድ ነበራት። ልጆቹን ካሰናበተች በኋላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ የየወላጁን ደጅ ትዞራለች። ልጁ ያን ቀን ምን እንደተማረ፣ ምን የቤት ሥራ እንደተሰጠው፣ የቱ ላይ ጎበዝ የቱ ላይ ደካማ እንደሆነ ትናገራለች። እግሯ ይዝላል፤ አቧራው ያስነጥሳታል፤ እሷ ግን አትተውም። «አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም» ትላለች፣ ማረፍ እንዳለባት ለሚመክሯት ሁሉ።

ወይዘሮ ዝንጀሮ የብዙ ልጆች እናት ናት። ትንሹን አዝላ፣ ትልቁን እየተቆጣች፣ ሥር እየማሰች ነው የምትውለው። እመት አህይት ስትመጣ ግን መማሷን ታቆማለች። «እመቴ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ግን ይንገሩኝ፤ ልጄን ምን ላግዘው?» ብላ ትጠይቃለች። የነገረቻትንም ሳታደርግ አታድርም።

የአያ ጅቦ ደጅ ግን ሌላ ነበር።

አያ ጅቦ አጉርሰው የሚባል አንድ ልጅ አለው። ስሙን ያወጣለት ራሱ ነው፤ በዚያን ሰዓት ሌላ ሐሳብ አልመጣለትም። ልጁ ትምህርት ከጀመረ ወዲህ አያ ጅቦ በሄደበት ሁሉ «የእኔ ልጅ ተማሪ ነው!» እያለ ደረቱን ይነፋል። «ምን ይማራል?» ብለው ሲጠይቁት ግን፣ «ትምህርት ነዋ!» ብሎ በጠያቂው ይናደዳል።

በዚያ ሰሞን እመት አህይት ስለ ሰደድ እሳት ማስተማር ጀመረች።

«እሳት ነፋስን ተከትሎ ይሄዳል» አለቻቸው። «አፈር በትኑና ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ እዩ። ከእሳቱ ፊት ፊት አትሩጡ፤ እሱ ከእናንተ ይፈጥናል። በጎን በኩል ሣር ወደሌለበት መሬት አምልጡ።»

የቤት ሥራውም ይኸው ነበር። እያንዳንዱ ልጅ ከወላጁ ጋር ሆኖ፣ በቤቱ አቅራቢያ ሣር የማይበቅልበትን ቦታ ፈልጎ መንገዱን ያጠናል። በየማታው ደግሞ አፈር እየበተነ ነፋሱን ያያል።

በማግስቱ አጉርሰው ከሁሉ ቀድሞ ተነሣ። «ከዋሻችን ጎን፣ ከጥቁሩ ዐለት ማዶ ገላጣ መሬት አለ። ትናንት ማታ ነፋሱ ከምሥራቅ ይነፍስ ነበር» ብሎ ሳይንተባተብ አወረደው። እመት አህይት ደስ አላት። ወዲያው ግን ደስታዋን ተጠራጠረችው።

«ጎበዝ! እስቲ አሁን ደግሞ አፈር በትንና የዛሬውን ንገረኝ» አለችው።

አጉርሰው አፈሩን ዘገነ። ግራና ቀኝ አየ። ከዚያ ጎረሰው።

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እመት አህይት ግን አልሳቀችም። ጠጋ ብላ ቀስ አድርጋ ጠየቀችው። «ልጄ፣ የቤት ሥራህን ማን ነው የሠራልህ?»

«ጋሼ ቀበሮ» አለ አጉርሰው፣ አፈሩን እየተፋ። «አባቴ አጥንት ይሰጠዋል።»

ያን ዕለት እመት አህይት ወደ አያ ጅቦ ዋሻ ስትሄድ ጉልበቷ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁልጊዜም ወደዚያ ስትሄድ ይንቀጠቀጣል። ትእዛዝ ትእዛዝ ነው፤ ጥርስ ደግሞ ጥርስ ነው። አያ ጅቦን ዋሻው ደጃፍ ላይ ሆዱን ለፀሐይ ሰጥቶ ተጋድሞ አገኘችው።

«እንዴት ዋሉ፣ አያ ጅቦ?»

«እንዴት ዋልሽ፣ እመት አህይት! ወፍረሻል እኮ!»

እመት አህይት ይህን እንዳልሰማች ሆና አለፈችው። «ስለ ልጅዎ የቤት ሥራ ልነግርዎ ነው የመጣሁት።»

«ንገሪኝ፣ ንገሪኝ። እየሰማሁ ነው» አለ አያ ጅቦ። ዓይኑ ግን ከወገቧ በታች ወርዶ ቀርቷል።

«አጉርሰው የቤት ሥራውን ራሱ አይሠራም። ዛሬ አፈር በትን ስለው ዘግኖ ጎረሰው።»

«ታፋ…» አለ አያ ጅቦ በቀስታ።

«ምን አሉ?»

«ተፋው ወይ? ማለቴ፣ አፈሩን።» ምራቁን በምላሱ ጠራረገ።

«ተፍቶታል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ የሚያሠራው አጥቶ ነው። ከእርስዎ ጋር ሆኖ የሚያመልጥበትን መንገድ ካላጠና፣ እሳት የመጣ ቀን…»

ይህን ስትል ቀበሮ ጅራቱን እያወዛወዘ ከዋሻው ውስጥ ብቅ አለ። አፉ ላይ የቅልጥም ቅባት ያብረቀርቃል። «እመት አህይት፣ በዚህ ፀሐይ ምን ያደክምዎታል? ከእንግዲህ መልእክቱን ለእኔ ይስጡኝ፤ እኔ ለአያ ጅቦ አደርሳለሁ። እሳቸው ሥራ ይበዛባቸዋል።»

«እውነቱን ነው! ሥራ ይበዛብኛል» አለ አያ ጅቦ፣ በሌላኛው ጎኑ እየተገላበጠ።

«ልጁ የእርስዎ ነው እንጂ የአቶ ቀበሮ አይደለም» አለች እመት አህይት። «እሳት ደግሞ መልእክተኛ አይልክም።»

«እሳት!» ብሎ ሳቀ አያ ጅቦ። «እኔ በዚህ ጫካ ስኖር በላሁ እንጂ ተበልቼ አላውቅም!»

እመት አህይት ተሰናብታ ሄደች። መንገድ ላይ አንድ ነገር ገረማት፤ ጉልበቷ መንቀጥቀጡን አቁሟል። «ይህን ነው ስፈራው የኖርኩት?» አለች ለራሷ። «ከጥርሱ በስተኋላ እኮ ምንም የለም።»

ከዚያ ወዲያ ለአባትየው የነበራት ፍርሃት ሁሉ ንቀት ሆነ። ለልጁ ግን አዘነችለት፤ ስለዚህ መምጣቷን አልተወችም። በየቀኑ ትመጣለች፤ በየቀኑ ትናገራለች። አያ ጅቦ በየቀኑ ታፋዋን ያያል። አጉርሰው ደግሞ ከዋሻው ጥግ ተቀምጦ ያዳምጣል። አንድ ቀን ምርር ብሏት፣ «የቤት ሥራ ባለመሥራት እንደ አጉርሰው ያለ ልጅ በጫካው የለም!» አለች። አያ ጅቦ በዚያን ሰዓት እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ሲነቃ ቀበሮን፣ «ዛሬስ ምን አለች?» ብሎ ጠየቀው።

«‹እንደ አጉርሰው ያለ ልጅ በጫካው የለም› አለች» አለ ቀበሮ።

አያ ጅቦ በኩራት ሊፈነዳ ደረሰ። የበሬ ቅልጥም አንሥቶ እንዳለ ሰጠው።

ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ቀን ቀትር ካለፈ በኋላ፣ እመት አህይት ወደ ጅቦቹ ዋሻ እየሄደች ሳለ ጭስ ሸተታት። ቀና ስትል ኮረብታው ተያይዟል። ነፋሱ እሳቱን እየነዳ ወደ ዋሻው ያመጣዋል። ከሩቅ ወይዘሮ ዝንጀሮ ልጆቿን አሰልፋ፣ ትልቁ ልጅ ከፊት ሆኖ እየመራ፣ ሣር ወደሌለበት ሜዳ ስትወርድ ታየቻት። ሚዳቋዎቹም ጃርቶቹም እንዲሁ በየመንገዳቸው ይሸሻሉ። መንገዱን አስቀድመው ያውቁታል።

ዋሻው ደጃፍ ላይ ስትደርስ አያ ጅቦ በአንድ ቦታ ይሽከረከር ነበር።

«አጉርሰው! አንተ የተማርክ ነህ፤ ወዴት ነው የምንሮጠው?» ብሎ ጮኸ።

«ጋሼ ቀበሮን ጠይቀው!» አለ ልጁ እያለቀሰ።

«ቀበሮ! መልሱን ንገረን!»

ቀበሮ ግን ጭሱን ገና ሲያሸት ሄዷል። አያ ጅቦ የእሳቱ ድምፅ ሲቀርብበት ልጁንም ጉራውንም ጥሎ ፈረጠጠ። የሮጠውም ልክ ነፋሱ በሚነፍስበት፣ ከእሳቱ ፊት ፊት ነበር። ሞኝ ሲሮጥ እንኳ ወደ ሞቱ ይሮጣል።

አጉርሰው ብቻውን ቀረ። እመት አህይት አጠገቡ ደረሰች። በማጅራቱ ይዛ ልትጎትተው ትችል ነበር። የእሳቱ ወላፈን ቆዳዋን ይለበልባታል። እሷ ግን ዓይን ዓይኑን እያየች «አፈር በትን!» አለችው።

ልጁ ዘግኖ በተነ። አፈሩ ወደ አባቱ አቅጣጫ በረረ።

«እሳቱ… ወደዚያ ነው የሚሄደው!» አለ።

«እንግዲያ እኛስ?»

«በጎን! ወደ ጥቁሩ ዐለት!»

«ምራኝ!»

አጉርሰው ከፊት፣ እመት አህይት ከኋላ ሆነው ሮጡ። ዐለቱን ዞረው ገላጣው ላይ እንደደረሱ፣ እሳቱ ያለፉበትን ሣር ጠራርጎ እየበላ ነጎደ። ግልገሉ እያለከለከ ተቀመጠ። «መንገዱን እኔ ነኝ ያገኘሁት» አለ፤ ራሱን ማመን አቅቶት። «አዎ፣ አንተ ነህ» አለችው።

አያ ጅቦ የዳነው በችሎታው አይደለም። እሳቱ ሲደርስበት የረገጠው መሬት ተደርምሶ ረግረግ ውስጥ ወደቀ። ሲወጣ ጅራቱ እንደ ተላጠ ዱላ ሆኗል፤ መቀመጫው ተለብልቧል። ያፍራል ሲሉት፣ ማልዶ ንጉሡ ዘንድ ለክስ ቀረበ።

«ጌታዬ ሆይ! ይህች አህያ ልጄ እንደማይማር አንድ ቀን እንኳ አልነገረችኝም! ልትገድለን ነበር! ትእዛዝዎን ያንሡልኝና ልብላት!»

አራዊቱ ሁሉ ተሰብስበዋል። እመት አህይት ከፊት ቆማለች። ንጉሡ ከእሷ ቃል ይልቅ የጅቡን ቢያምን፣ ያ ቀን የመጨረሻዋ እንደሆነ ታውቃለች።

አንበሳ ወደ ቀበሮ ዞረ። «መልእክቷን የምትቀበለው አንተ ነህ ይባላል፤ እውነት ነው?»

«እኔ ምስኪን ጎረቤት ነኝ፣ ጌታዬ» አለ ቀበሮ ጎንበስ ብሎ። «በልጅና በአባት መካከል ምን አገባኝ?» ይህን ብሎ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያለ ከሕዝቡ መሐል ተሰወረ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ጫካ ያየው የለም።

አንበሳ አያ ጅቦን ጠየቀው። «አስተማሪዋ ቤትህ መጥታ አታውቅም?»

«ኧረ በየቀኑ ትመጣ ነበር!»

«በየቀኑ መጥታ ምን ትልህ ነበር?»

አያ ጅቦ አሰበ። ግንባሩን ቋጠረ። በሕይወቱ እንደዚያ አስቦ አያውቅም። በመጨረሻ፣ «እ… አፏ ይንቀሳቀስ ነበር» አለ።

ሳቁ ጫካውን አናጋው። ሳቁ ሲበርድ አንዲት ቀጭን ድምፅ ተሰማች። አጉርሰው ነው።

«ነግራዋለች፣ ጌታዬ። እኔ ጥግ ሆኜ ሁሉንም ሰምቻለሁ። አባቴ የሚያየው ታፋዋን ነበር።»

ከዚህ በኋላ የሳቀ የለም። አያ ጅቦ መሬት መሬቱን አየ።

«ልጁስ መማር ይችላል» ሲል ፈረደ አንበሳ። «ያልተማረው አባቱ ነው። አያ ጅቦ፣ ከነገ ጀምሮ ከልጆቹ ጋር ተቀምጠህ ትማራለህ! የቀረህ እንደሆነ ከበሮ ሠሪው ይጠራል።»

በማግስቱ አያ ጅቦ ከብሳናው ሥር መጣ። በጃርት ልጅና በሚዳቋ ግልገል መካከል ተገትሮ፣ በተለበለበ መቀመጫው እንዴት እንደሚቀመጥ ግራ ገባው።

«ቁጭ በል!» አለችው እመት አህይት። አንቱታው ቀርቷል። እሱም እየቃተተ ቁጭ አለ።

ትምህርቱ እንደተጀመረ አያ ጅቦ እጁን አወጣ። እመት አህይት ተስፋ አደረገች። «ጥያቄ አለህ?»

«አዎ። ምሳ መቼ ነው?»

ያን ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ እመት አህይት ወደ ጅቦቹ ዋሻ ሄደች። አያ ጅቦ ሲያያት ከተጋደመበት ብድግ አለ። እሷ ግን አልፋው ሄደችና አጉርሰውን ጠርታ ለብቻው አነጋገረችው።

«አባትህ ዛሬ በክፍል ውስጥ ምንም አልሠራም» አለችው። «የቤት ሥራ ሰጥቼዋለሁ። አደራህን፣ አግዘው እንጂ እንዳትሠራለት።»

«እሺ፣ እመቴ» አለ አጉርሰው። ወደ አባቱም ዞሮ፣ «አባዬ፣ ተነሥ፤ አፈር ዝገን» አለው።

ከዚህ የምንማረው፣ የአስተማሪን ቃል ለመስማት ሰንፎ የልጁን ትምህርት ለአታላይ የሚሰጥ ወላጅ፣ በክፉ ቀን ልጁን ለእሳት፣ ራሱንም ለመሳቂያ አሳልፎ እንደሚሰጥ ነው።